ቻርቱ ቀላል ነው፤ ከባዱ "በማን ስም?" የሚለው ነው

አንድ የሶፍትዌር ቡድን ያለው ሥራ ለደንበኛ ሊያስረክብ ነው፤ ርክክቡ አንድ ቀን ሲቀረው ነው የደወሉልኝ። "ዳሽቦርዱን እስቲ አንዴ እየው" አሉኝ፤ ቁጥሮች በቻርት የሚታዩበትን ገጽ ማለታቸው ነው። ገብቼ አየሁት። በሪአክት (ድር ገጽ በሚገነባበት የጃቫስክሪፕት መሣሪያ) የተሠራ አፕሊኬሽን ነው። መሃሉ ላይ ስድስት ቻርቶች ተደርድረዋል። ቀለማቸው ከገጹ ጋር ይሄዳል፣ ቶሎም ይከፈታሉ። በእውነት ያምራል።

ከዚያ የብራውዘሩን የዴቨሎፐር መሣሪያ ከፈትኩ። ቻርቶቹ የመጡት ከሌላ የሪፖርት ሲስተም ሲሆን በአይፍሬም (በገጽ ውስጥ ሌላ ገጽ በሚያሳይ መስኮት) ነው የተከተቱት። የአይፍሬሙ አድራሻ መጨረሻ ላይ "ደንበኛ=41" ይላል። 41ን ወደ 42 ቀየርኩት። ገጹ ታደሰ። የሌላ ድርጅት የወር ሽያጭ ወለል ብሎ ታየኝ።

ሰርቨር አልሰበርኩም፣ የማንንም የይለፍ ቃል አልነካሁም። የቀየርኩት አንድ አሃዝ ነው።

ቡድኑ ሰነፍ አልነበረም። ለቀለሙ፣ ለአኒሜሽኑ፣ በስልክ ላይ እንዴት እንደሚታይ ሳምንታት ተጨንቀውበታል። ያልተነሳው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህ ቻርት ዳታቤዙን የሚጠይቀው በማን ስም ነው? ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ቻርት መክተት የሚያማክረኝ ሰው ሲመጣ ስለ ላይብረሪ (ቻርት ስለሚስል የተዘጋጀ ኮድ) ከማውራቴ በፊት ይህን እጠይቃለሁ።

ራስ መሥራት ወይስ የተሠራ መክተት

ድሮ ሪፖርት ለብቻው የሚኖር ነገር ነበር። ሥራ የሚሠራበት ሲስተም አንድ፣ ቁጥር የሚታይበት ሲስተም ሌላ። አሁን ተጠቃሚው ቁጥሩን ሥራው ላይ እንዳለ፣ እዚያው ገጽ ላይ ማየት ይፈልጋል። ልክም ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የመረጃ ትንተና ምን ያህል እንደሚያወጣ ቀድመው አይተዋል። እ.ኤ.አ. በጁን 2019 ጎግል ሉከርን በ2.6 ቢሊዮን ዶላር፣ ሴልስፎርስ ደግሞ ታብሎን በ15.7 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማታቸውን ያስታወቁት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው።

መንገዱ በጥቅሉ ሁለት ነው። አንደኛው ዳታውን ከራሳችሁ ኤፒአይ (ሰርቨሩ ዳታ ከሚሰጥበት በር) አምጥቶ ቻርቱን በላይብረሪ መሳል ነው። ዲ3 ከ2011 ጀምሮ አለ። ሁሉንም ያስችላል፣ ሁሉንም ግን እናንተ ናችሁ የምትሠሩት። ቻርት ጄኤስ ለመጀመር ቀላል ነው። ኢቻርትስ ከባይዱ ተነስቶ ወደ አፓቼ የገባ ሲሆን ብዙ ዳታ ይሸከማል። ሃይቻርትስ በኖርዌይ ኩባንያ የተሠራ፣ ሰነዱ የተሟላ ነው፤ ለንግድ ሥራ ግን ፈቃድ ይገዛል። ይህን ሥራው ካለቀ በኋላ የሚያውቁ ቡድኖች ስላሉ ቀድማችሁ እዩት።

ሁለተኛው መንገድ በፓወር ቢአይ፣ በታብሎ፣ በሉከር፣ በሜታቤዝ ወይም በሱፐርሴት በሚባሉት የሪፖርት መሥሪያዎች የተዘጋጀ ዳሽቦርድ እንዳለ አምጥቶ ገጹ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። አንዳንዶቹ ከአይፍሬም አልፈው የራሳቸውን ኮምፖነንት (ገጹ ላይ የሚገጠም የተዘጋጀ ክፍል) ይሰጣሉ። ያ ለዴቨሎፐሩ ምቾት ነው እንጂ የመጀመሪያውን ጥያቄ አይመልስም።

የቱ ይሻላል? እኔ የምመዝነው በቻርቱ ብዛት ሳይሆን በጥያቄው ዓይነት ነው። ተጠቃሚው ሁልጊዜ የሚያያቸው አምስት ስድስት ቁጥሮች ከታወቁ ራሳችሁ ሥሩት። ገጹ ቀላል ይሆናል፣ መልኩም የእናንተው ነው። ተጠቃሚው ግን "ይህን በከተማ ከፋፍልልኝ፣ ያን አውጣልኝ፣ ወደ ኤክሴል ላውርደው፣ ሰኞ ሰኞ በኢሜይል ይድረሰኝ" የሚል ከሆነ የተሠራውን ክተቱ። ይህን ሁሉ ከዜሮ ለመሥራት የሚነሳ ቡድን ዋናውን ምርቱን ትቶ ሌላ ምርት ይጀምራል። ሁለት ወር ብሎ ጀምሮ ዓመት ያለፈበት ሥራ አውቃለሁ።

ፊልተር ቁልፍ አይደለም

ወደ 41 እና 42 ልመለስ። ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ብራውዘር ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ የተጠቃሚው ነው። አድራሻውን መቀየር ይችላል። የጃቫስክሪፕት ኮዱን ማንበብ ይችላል። የሚላከውን ጥያቄ ይዞ፣ አስተካክሎ፣ መልሶ መላክ ይችላል። ስለዚህ ሪአክት ኮምፖነንት ውስጥ የተጻፈ የደንበኛ ፊልተር ለዓይን ማማሪያ ነው። የራሱን ዳታ ለይቶ ያሳየዋል እንጂ የሰውን ዳታ አይከለክለውም። ኦዋስፕ የተባለው የድር ደህንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የአሥሩ ዋና ዋና አደጋዎች ዝርዝር ላይ አንደኛ ያደረገው የተበላሸ የመዳረሻ ቁጥጥርን ነው። የእኔ 42 እዚያ ውስጥ ይገባል።

በትክክል ሲሠራ እንዲህ ነው። ተጠቃሚው ወደ አፕሊኬሽናችሁ ሲገባ ማን እንደሆነ የሚያውቀው የእናንተ ሰርቨር ነው። ቻርቱን ሊያይ ሲል ብራውዘሩ ሰርቨራችሁን ቶከን፣ ማለትም የመግቢያ ፈቃድ፣ ይጠይቃል። ሰርቨሩ "ይህ ሰው የደንበኛ 41 ነው፣ የሽያጭ ዳሽቦርድን ብቻ ማየት ይችላል፣ የሚሠራውም ለ10 ደቂቃ ነው" የሚል አጭር ጽሑፍ ያዘጋጃል። ከዚያ በሚስጥር ቁልፍ ይፈርምበታል። የሪፖርት ሲስተሙ ፊርማውን አይቶ ነው በሩን የሚከፍተው። አንድ ሰው 41ን ወደ 42 ቢቀይር ፊርማው አይገጥምም። በሩም ይዘጋል።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ጄደብሊውቲ የሚባለው ቶከን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 መደበኛ ስታንዳርድ ሆኖ ወጥቷል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፦ በተለምዶ የምንጠቀምበት ጄደብሊውቲ የተፈረመ እንጂ የተመሰጠረ አይደለም። ይዘቱን ማንም ገልጦ ማንበብ ይችላል፤ መቀየር ነው የማይችለው። ስለዚህ ሌላ ሰው ማየት የሌለበትን ነገር እዚያ ውስጥ አትክተቱ።

የሚስጥር ቁልፉስ የት ይቀመጥ? ሰርቨር ላይ፣ ሌላ የትም አይደለም። "ኤንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ከኮዱ ውጭ የሚቀመጥ ቅንብር) ውስጥ ደብቄዋለሁ" የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ቪት በሚባለው የድር ግንባታ መሣሪያ የተሠራ ፕሮጀክት ላይ ስሙ "ቪት" ብሎ የሚጀምር ቫሪያብል፣ ኔክስት በሚባለው የሪአክት ማዕቀፍ ደግሞ "ኔክስት ፐብሊክ" ብሎ የሚጀምር ቫሪያብል ኮዱ ሲታሸግ አብሮ ወደ ብራውዘር ይሄዳል። ስሙ ራሱ "ይህ ለሕዝብ ነው" እያለ ነው። ቁልፉ አንዴ እዚያ ከገባ ማንም ሰው ለራሱ የፈለገውን ቶከን ይፈርማል፤ 42 ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ያያል።

ራሳችሁ የምትሥሉ ከሆነም ጉዳዩ ያው ነው። ኤፒአዩ የደንበኛውን ቁጥር ከጥያቄው ላይ አንብቦ ከወሰደ ተበላችሁ። ከገባው ሰው ማንነት ነው መውሰድ ያለበት። እኔ ከዚህም አልፌ ዳታቤዙ ራሱ እንዲጠብቅ ማድረግ ደስ ይለኛል። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ከስሪት 9.5 ጀምሮ በረድፍ ደረጃ ፈቃድ መስጠት ይችላል። አንድ ዴቨሎፐር ነገ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ) ሲጽፍ ፊልተሩን ቢረሳው እንኳ የሌላው ሰው ረድፍ አይወጣም። ሰው ይረሳል። ሲስተሙ የሚረሳውን ሰው ግምት ውስጥ አስገብቶ መሠራት አለበት።

ካሽም እንዲሁ ነው። ቻርት ቶሎ እንዲከፈት ውጤቱን ካሽ ታደርጋላችሁ፣ ማለትም ለቀጣይ ጊዜ ታስቀምጡታላችሁ፤ ጥሩ ነው። የካሹ ቁልፍ "የሽያጭ ቻርት፣ የዚህ ወር" ብቻ ከሆነ ግን ቀድሞ የገባው ደንበኛ ቁጥር ለሚቀጥለው ደንበኛ ይሰጣል። ፊርማው ትክክል፣ ፈቃዱ ትክክል፣ ዳታው የሰው። የደንበኛው ማንነት በካሹ ቁልፍ ውስጥ መኖር አለበት።

እኔ ጋ ይሠራል፣ ደንበኛው ጋ አይሠራም

ዳሽቦርዱን በአይፍሬም ከትታችሁ ተጠቃሚው የሪፖርት ሲስተሙ ውስጥ በኩኪ (ብራውዘር ላይ በሚቀመጥ ትንሽ መለያ) እንዲገባ አድርጋችሁ ከሆነ አንድ ቀን ይህ ስልክ ይደወላል፦ "ገጹ ሎግኢን አድርግ ይለኛል፣ አደርጋለሁ፣ ተመልሶ ሎግኢን አድርግ ይለኛል።" እናንተ ጋ በክሮም ስትሞክሩት ምንም የለበትም።

ምክንያቱ የሦስተኛ ወገን ኩኪ ነው። በብራውዘሩ ዓይን ዋናው ገጽ የእናንተ ነው፤ አይፍሬሙ ደግሞ ከሌላ ቦታ የመጣ እንግዳ ነው። ማስታወቂያ ነጋዴዎች ሰውን ከድር ገጽ ድር ገጽ ሲከታተሉ የኖሩት በዚሁ መንገድ ስለሆነ ብራውዘሮች እየዘጉት መጡ። ሳፋሪ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ሙሉ በሙሉ ዘጋው። ፋየርፎክስ በ2022 የእያንዳንዱን ድር ገጽ ኩኪ በነባሪነት ለየብቻ ማስቀመጥ ጀመረ። ጎግል በ2020 እዘጋዋለሁ ብሎ ደጋግሞ ካራዘመ በኋላ በኤፕሪል 2025 ክሮም ላይ ምርጫው እንደነበረው እንደሚቀጥል አሳወቀ። ስለዚህ ዴቨሎፐሩ ክሮም ላይ ያየው ነገር አይፎን ለያዘው ደንበኛ ምንም ዋስትና አይሰጥም።

መፍትሔው ብራውዘሩን ለማታለል መሞከር አይደለም። የሪፖርት ሲስተሙን በራሳችሁ ዶሜይን ሥር በንዑስ ዶሜይን ማስቀመጥ ከቻላችሁ ኩኪው የቤት ልጅ ይሆናል። ካልተቻለ በኩኪ ላይ ያልተመሠረተ፣ በተፈረመ ቶከን የሚሠራውን የመክተቻ መንገድ ተጠቀሙ። ቶከኑ ጊዜው ሳያልፍ የሚያድስ ኮድም አብራችሁ ጻፉ። ዳሽቦርዱን ከፍቶ ስብሰባ የገባ ሰው ሲመለስ የስህተት መልእክት ሊጠብቀው አይገባም።

አይፍሬሙ ጭራሽ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከቀረ ደግሞ የሪፖርት ሲስተሙ በማን ገጽ ውስጥ መከተት እንደሚፈቅድ የሚወስነውን የሰርቨር ሄደር (ሰርቨሩ ከገጹ ጋር የሚልከውን መመሪያ) ተመልከቱ። የእናንተ ዶሜይን እዚያ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ብራውዘሩ አይከፍተውም።

አንድ ዲቭ፣ ሁለት አዛዥ

ራሳችሁ ለምትሥሉ ሰዎች ትግሉ ሌላ ነው። ሪአክትና መሰሎቹ ቪው እና አንጉላር "ገጹ ምን መምሰል እንዳለበት ንገሩኝ፣ የቀረውን ለእኔ ተዉት" ይላሉ። አብዛኛው የቻርት ላይብረሪ ደግሞ "አንድ ባዶ ዲቭ (የገጽ ሳጥን) ስጡኝ፣ ከዚያ በኋላ እንዳትነኩብኝ" ይላል። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ያዛሉ።

በሪአክት ቻርት ጄኤስን በቀጥታ የተጠቀመ ሰው ይህን ያውቀዋል። ኮዱን ጽፎ ገጹን ሲከፍት "ካንቫሱ (ቻርቱ የሚሳልበት ሰሌዳ) ሥራ ላይ ነው፣ የቀድሞው ቻርት መጀመሪያ መጥፋት አለበት" የሚል ስህተት ይመጣል። አንድ ጊዜ ነው የሳልኩት፣ ሁለተኛው ከየት መጣ? የመጣው ከስትሪክት ሞድ፣ ማለትም ከሪአክት የጥንቃቄ መፈተሻ፣ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ከወጣው ሪአክት 18 ጀምሮ በዴቨሎፕመንት ጊዜ ሪአክት ኮምፖነንቱን ያስገባል፣ ያስወጣል፣ እንደገና ያስገባል። ሆን ብሎ ነው። ስትወጡ ያስቀመጣችሁትን ዕቃ ታነሱ እንደሆነ እየፈተናችሁ ነው።

ብዙ ሰው ስትሪክት ሞድን አጥፍቶ ያልፋል። ስህተቱ ከስክሪኑ ይጠፋል፤ ችግሩ ግን እዚያው ነው፣ የጠፋው የሚናገረው ነገር ብቻ ነው። ተጠቃሚው ከገጽ ወደ ገጽ 30 ጊዜ ሲመላለስ 30 ያልተነሱ ቻርቶች ሚሞሪ ውስጥ ሊከማቹ ይችላሉ። ጠዋት ፈጣን የነበረው አፕ ከሰዓት በኋላ ይንቀረፈፋል። ማድረግ ያለባችሁ ትንሽ ነው፦ ቻርቱን በፈጠራችሁበት በዚያው ኢፌክት (ኮምፖነንቱ ሲገባ የሚሠራ ኮድ) ውስጥ፣ በሚመለሰው የማጽጃ ፈንክሽን፣ አጥፉት። ለሪአክት ተብለው የተሠሩ መጠቅለያ ላይብረሪዎች ይህን ራሳቸው ያደርጉላችኋል።

ሌላው ደግሞ ይህ ነው። ተጠቃሚው መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ አንድ ፊደል በጻፈ ቁጥር ቻርቱ ከዜሮ ተነስቶ እንደገና ያድጋል። የቻርቱን አማራጮች የያዘው ኦብጀክት በየሬንደሩ (ገጹ እንደገና በተሳለ ቁጥር) አዲስ ስለሚፈጠር ነው። ይዘቱ ያው ቢሆንም ለሪአክት ሌላ ነገር ነው። አንዴ ፈጥራችሁ ያዙት፤ ዳታው ሲቀየር ብቻ ይቀየር።

ቪው 3 ላይ ወጥመዱ ሌላ ነው። ቻርቱን ራሱን በተራ ሬፍ (ቪው ለውጥ በሚከታተልበት መያዣ) ውስጥ ካስቀመጣችሁት ቪው የቻርቱን ሆድ ዕቃ ሁሉ በፕሮክሲ (በሚከታተል ሽፋን) ይጠቀልለዋል። ከዚያ ምክንያቱ የማይታወቅ ስህተት ይጀምራል። ሻሎው ሬፍ ወይም ማርክ ሮው ተጠቀሙ። በዞን (ለውጥን በሚከታተል ዘዴ) በሚሠራ የአንጉላር አፕ ላይ ደግሞ ማውስ ቻርቱ ላይ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንጉላር ገጹን ሁሉ ሊፈትሽ ይነሳል፤ ቻርቱን ከዞኑ ውጭ ፍጠሩት። ገጹ ሰርቨር ላይ ቀድሞ የሚሠራ ከሆነ፣ ለምሳሌ በኔክስት፣ ቻርቱ ብራውዘር ላይ ብቻ እንዲጫን አድርጉ፤ ሰርቨር ላይ ዊንዶው የሚባለው የብራውዘር ኦብጀክት የለም። በተደበቀ ታብ ውስጥ የተሳለ ቻርት ስፋቱ ዜሮ ስለሆነ ታብ ሲከፈት ተጨብጦ ይገኛል። የሳጥን መጠን ሲቀየር የሚያሳውቀው ሪሳይዝ ኦብዘርቨር ይህን ይፈታዋል።

ቁጥሩ ራሱ እውነት ነው ወይ?

ቻርቱ ተሳለ፣ ፈቃዱም ተስተካከለ እንበል። አሁንም ሰውን ሊያሳስት ይችላል።

ሰዓትን ውሰዱ። ሰርቨሩ ሽያጩን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይመዘግባል፤ ቻርቱም በዩቲሲ ቀን ይደምራል። ተጠቃሚው ያለው ከዩቲሲ 5 ሰዓት ወደ ኋላ ባለ አገር ነው። በእሱ ሰዓት 20:00 ላይ የተሸጠ ዕቃ በዩቲሲ 01:00 ነው፤ ያውም የማግስቱ። የደረሰኝ ገጹ ሽያጩን "ዛሬ" ይለዋል፤ ቻርቱ "ነገ" ላይ ያስቀምጠዋል። ተጠቃሚው ሁለቱን ሲደምር አይገጥምለትም። ከዚያ በኋላ የትኛውንም አያምንም። ስለዚህ ቀኑን የምትቆርጡት በተጠቃሚው ሰዓት ይሁን፤ የማን ሰዓት እንደሆነም ቻርቱ ላይ ጻፉት።

ዜሮ ሌላው ነው። ኩዌሪው ሳይሳካ ሲቀር ባዶ ዝርዝር የሚመልስ ኮድ አለ። ቻርቱም ያንን ተቀብሎ ዜሮ ላይ የተኛ መስመር ይስላል። ሥራ አስኪያጁ አይቶ "ዛሬ ምንም አልሸጥንም" ብሎ ይደነግጣል። አልተሸጠም፣ ዳታ ገና አልደረሰም፣ ጥያቄው አልተሳካም፤ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሦስቱም የየራሳቸው መልክ ያስፈልጋቸዋል። ይህ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ነገር ነው፤ ሰው በዚያ መስመር ተመርቶ ዕቃ ያዝዛል፣ ሠራተኛ ይቀንሳል።

ብዙ ዳታ ሲኖር ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን ረድፍ ወደ ብራውዘር መላክ ትርጉም የለውም። 800 ፒክስል ስፋት ያለው ቻርት ከ800 በላይ ዓምድ የሚያሳይበት ቦታ የለውም። መደመሩን ዳታቤዙ ይሥራ። የሴንሰር ዳታን የመሰለ ረጅም መስመር ከሆነ ግን ዝም ብሎ አማካይ መውሰድ አደገኛ ነው፤ ለአንድ ደቂቃ ሽቅብ የወጣው ሙቀት በአማካዩ ውስጥ ይሰወራል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአይስላንድ ዩኒቨርሲቲ በተሠራ የማስተርስ ጥናት የቀረበ ኤልቲቲቢ የሚባል ዘዴ አለ። ነጥቦቹን ይቀንሳል፤ የመስመሩን ቅርጽና ጎልተው የወጡትን ጫፎች ግን ለመጠበቅ ነው የተሠራው። ቻርት ጄኤስ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል።

ማየት የማይችሉ ተጠቃሚዎችንም አስቡ። ካንቫስ ላይ የተሳለ ቻርት ገጹን በድምፅ ለሚያነበው ስክሪን ሪደር ባዶ ሥዕል ነው። ከሥሩ ያው ቁጥር በሠንጠረዥ ይቀመጥ። "አረንጓዴው ትርፍ፣ ቀዩ ኪሳራ" ብቻ ብላችሁ አትተዉት፤ ሁለቱን ቀለም መለየት የማይችል ብዙ ሰው አለ። በአውሮፓ ኅብረት ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ በርካታ ዲጂታል አገልግሎቶች ተደራሽ እንዲሆኑ ሕጉ ያስገድዳል።

ያንን ቡድን ርክክቡን እንዲያራዝም ነገርኩት። ቅር አላቸው፤ ግን አራዘሙት። ቶከን የሚፈርም አንድ ትንሽ መንገድ ሰርቨሩ ላይ ጨመሩ፣ የደንበኛውን ቁጥር ከአድራሻው አወጡት። ሥራው ሁለት ቀን ነው የፈጀው። ከዚያ አንድ ቴስት ጻፍን። ቴስቱ የደንበኛ 41 ሆኖ ይገባል፣ የ42ን ሽያጭ ይጠይቃል፣ ካልተከለከለ ኮዱ እንዳይለቀቅ ያቆመዋል። አሁንም ኮድ በተቀየረ ቁጥር ይሄዳል።